«አንዱን ደረጃ ሳልኖረው አልፌዋለሁ፤ አሁን መመለስ ይቻላል?»

የጠያቂያችን ደብዳቤ፣ አጠር ተደርጎ፦

«የ44 ዓመት ሴት ነኝ። የሂሳብ ባለሙያ ስሆን የምሠራበትን ክፍል በኃላፊነት መምራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ባለትዳርና የአንዲት የ16 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ የ76 ዓመቱ አባቴም ከእኛው ጋር ይኖራሉ።

በቅርቡ የልጄን ደብተር ሳገላብጥ የሰውን ዕድሜ በስምንት ደረጃ የሚከፍል ሰንጠረዥ አየሁ። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ፈተና አለው፤ የተወጣው አንድ መልካም ነገር ይዞ ይቀጥላል፣ ያልተወጣው ጉድለቱን ተሸክሞ ይሄዳል ይላል። አምስተኛው ላይ፣ ‹ማንነት› የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። 17 ዓመቴ ላይ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ቅጼን የሞሉት አባቴ ናቸው። በእሳቸው እጅ ጽሑፍ ተሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ጠበቀኝ፤ እኔ ፈረምኩ። ምኞቴ ታሪክ ማጥናት ነበር፤ ያን ቀን ግን አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ከአምስተኛው መስመር ጎን በእርሳስ የኤክስ ምልክት አደረግሁ። ከዚያ በታች ያሉትንም አንድ በአንድ ሳያቸው ሁሉም የተበላሹብኝ መሰለኝ።

ሥራዬን በደንብ እሠራለሁ፤ ግን የሰው ልብስ ለብሼ የምውል ይመስለኛል። ወጣት ሠራተኞች ሊጠይቁኝ ሲመጡ ይሰለቸኛል። ልጄ በየሳምንቱ ሌላ ሰው ናት፤ ባለፈው የደብተሯ ጀርባ ላይ አዳዲስ ፊርማ ስትለማመድ አገኘኋት፣ ሃያ ዓይነት ይሆናል። አባቴ ማታ ማታ ወጣት ሳሉ የመጣላቸውን የሥራ ዝውውር እምቢ ያሉበትን ታሪክ ይነግሩናል፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። ከባለቤቴ ጋር ስለ ልጅና ስለ ቤት ካልሆነ የምናወራው ጠፍቷል። ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ይባላል። ሥራዬን ልልቀቅ? ልጄ እንደ እኔ እንዳትሆን ምን ላድርግ? ሰሞኑን ‹እማ፣ አንቺ በእኔ ዕድሜ ምን መሆን ነበር የምትፈልጊው?› ብላ ጠየቀችኝ። አባቴ አጠገባችን ስለነበሩ ‹እንጃ› ብዬ አለፍኩት። ምን ልበላት?»

ውድ እህቴ፣

ከሁሉ በፊት ያን የእርሳስ ምልክት አጥፊው። ሕመምሽን ለማቃለል አይደለም፤ በዚያ ቅጽ የሆነው ሆኗል፣ የሚያምም ነገርም ነው። የተሳሳተው የሰንጠረዡ አነባበብ ነው፤ እሱም የአንቺ ጥፋት አይደለም። ዕድሜን ስምንት ቦታ ቆራርጦ፣ በአንድ በኩል መልካሙን፣ በሌላ በኩል ክፉውን አሰልፎ የሚያሳይ ወረቀት ላየ ሁሉ የፈተና ውጤት መግለጫ ይመስላል። ያለፈ ያልፋል፣ የወደቀ እዚያው ይቀራል። ሐሳቡን ያመነጨው ሰው ግን እንዲህ አላሰበውም፤ የራሱም ሕይወት እንዲህ አልነበረም።

ይህ ሰው፣ የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ጀርመን ውስጥ፣ ፍራንክፈርት ተወለደ። ወላጅ አባቱ ማን እንደሆነ ሳያውቅ ኖሮ ሳያውቅ ሞተ። ያሳደገው የእናቱ ባል የሕፃናት ሐኪም ነበር፤ ልጁም የእንጀራ አባቱን ስም ይዞ ሆምበርገር እየተባለ አደገ። እናቱ አይሁዳዊት ነበረች። እሱ ግን ቁመተ ረጅም፣ ጸጉሩ ወርቃማ፣ ዓይኑ ሰማያዊ ስለነበር ምኩራብ ሲሄድ እንደ ባዕድ ይታያል፤ ትምህርት ቤት ሲሄድ ደግሞ አይሁዳዊ ተብሎ ይሰደባል። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበረውም። ሥዕል እየሣለ በአውሮፓ ሲዞር ከቆየ በኋላ በ1927፣ በ25 ዓመቱ ገደማ፣ አንድ ጓደኛው ቪየና ውስጥ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት እንዲያስተምር ጠራው። እዚያ ከሲግመንድ ፍሮይድ ልጅ ከአና ፍሮይድ ጋር ተገናኝቶ የሥነ ልቦና ትንተናን ተማረ፤ በ1933 ደግሞ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ኤሪክሰን የሚለውን ስም የያዘው ዜግነት ባገኘበት በ1939፣ በ37 ዓመቱ አካባቢ ነው። ስምንቱን ደረጃዎች በመጽሐፍ ያወጣቸው በ1950 ሲሆን ያኔ ዕድሜው ወደ 48 ተጠግቶ ነበር፤ ማለትም ዛሬ ካለሽበት አራት ዓመት ያህል አልፎ። «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ በ18 ዓመት ልደት ማግስት በሩን ዘግቶ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ራሱ ውጭ በቀረ ነበር።

ሐሳቡን የተዋሰው ከፅንስ ጥናት ነው። ፅንስ ሲያድግ እያንዳንዱ የአካል ክፍል ከሌላው ይልቅ የሚፈጥንበት የራሱ ወቅት አለው። ኤሪክሰንም የሰው ልጅ የሕይወት ጥያቄዎች እንዲሁ ናቸው አለ፤ ስምንቱም ከመጀመሪያው አሉ፣ እያንዳንዳቸው ግን ጎልተው የሚወጡበት ወራት አላቸው፣ ወራታቸው ካለፈ በኋላም አይጠፉም። «ቀውስ» ብሎ የጠራውም መታጠፊያውን ነው። በሁለት በኩል የተጻፉት ቃላትም አንደኛው ሲገባ ሌላው ጠራርጎ የሚወጣ አይደሉም። ሕፃን ዓለምን ማመንን ይማራል፤ ትንሽ ጥርጣሬም ይዞ ካልወጣ ግን የጠራውን ሁሉ ተከትሎ ይሄዳል። የሚፈለገው ሚዛኑ ወደ መልካሙ ማዘንበሉ ነው።

አንዱን ቀረብ አድርጌ ላሳይሽ። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ለማድረግ ሲታገል አስቢ። ግራውን ለቀኝ እግሩ አድርጎታል፤ ተረከዙ አልገባም፤ ፊቱ ቀልቷል። አዋቂው ቸኩሏል። እጁን ሲዘረጋ ልጁ «እኔ!» ብሎ ጫማውን ደረቱ ላይ ይደብቃል። ሰንጠረዡ ላይ «ራስን መቻል» ተብሎ የተጻፈው ይቺን ደቂቃ ነው። ጫማውን ነጥቀው በየቀኑ የሚያደርጉለት ልጅ፣ በዚያም ላይ «አትችልም አላልኩህም?» የሚባል ልጅ፣ ከዚህ የሚተርፈው ኀፍረት ነው። አሁን ደግሞ አባትሽን አስቢያቸው። ጠዋት የሸሚዛቸውን ቁልፍ ሲቆልፉ ጣታቸው ይዘገይባቸው ይሆናል። ቸኩሎ የሚቆልፍላቸው ሰው ሲመጣ ፊታቸው ላይ የምታይው ነገር ከዚያ ሕፃን ፊት የተለየ አይደለም። ከሰባ ዓመት በላይ ያለፈበት ጥያቄ ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው። የኤሪክሰን ባለቤት ጆአን እስከ ዘጠናዎቹ ዕድሜዋ ስለኖረች ይህን በራሷ ላይ አየችው። ኤሪክሰን በ1994 ካረፈ በኋላ፣ በ1997 በወጣው የሥራው የተስፋፋ እትም ላይ ዘጠነኛ ደረጃ ጨመረችበት። በጣም ባረጁ ጊዜ ስምንቱም ጥያቄዎች እንደገና ይቀርባሉ፤ በዚህ ጊዜም ክፉው ወገን ቀድሞ ነው የሚመጣው አለች። እንግዲህ ሰንጠረዡን ከሠሩት ሁለት ሰዎች አንዷ በእርጅናዋ «ሁሉም ይመለሳል» ካለች፣ አንቺ በ44 ዓመትሽ «አልፎኛል» የምትይበት መሠረት የለም።

ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ያልሽው እውነት ነው። የሚመጣው ክረምት ግን አለ፤ ቤት የሚሠራውም ለእሱ ነው።

አሁን ወደ ቅጹ እንምጣ። ጄምስ ማርሲያ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1966 ባወጣው ሥራ አምስተኛውን ጥያቄ በሁለት መስፈርት አየው፤ ሰውዬው አማራጮችን እየሞከረ ራሱን ፈልጓል ወይ? ወስኗልስ ወይ? ከዚህም አራት ሁኔታ ወጣ። ያልፈለገም ያልወሰነም አለ። እየፈለገ ያለ፣ ገና ያልወሰነ አለ። ፈልጎ የወሰነ አለ። ሳይፈልግ የወሰነ ወይም የተወሰነለት ደግሞ አለ። አንቺ አራተኛው ነሽ፤ በሩ ሳይከፈት የተዘጋ ማንነት ልንለው እንችላለን። ይህን የምነግርሽ አዲስ ምልክት እንድታደርጊበት አይደለም። ማርሲያ የገለጸው ሰው በአንድ ወቅት ያለበትን ሁኔታ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አለ፤ በአዋቂነትም ይሻገራሉ። አንቺም ያን ምልክት ባደረግሽበት ምሽት ከ«ተወሰነልኝ» ወደ «እየፈለግሁ ነኝ» ተሻግረሻል። ስሜቱ ውድቀት የሚመስለው ለዚህ ይመስለኛል፤ መፈለግ ከውስጥ ሲያዩት ሁልጊዜ መናወጥ ነው።

ሥራሽን አትልቀቂ፤ ቢያንስ አሁን። ይህን የምለው ለገቢሽ ብቻ ሳስብ አይደለም። ቅጹን የሞላው ሌላ ሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሽው ግን አንቺ ነሽ። የማይገጥም ሂሳብ ፊት ቁጭ ብለሽ ስህተቱን እስክታገኚ ያመሸሽባቸው ቀናት የአባትሽ አልነበሩም። በችኮላ ብትለቂ ዛሬም የምትወስኚው እሳቸውን አስበሽ ይሆናል፤ ያኔ እሳቸውን ለመታዘዝ፣ አሁን እሳቸውን ለመቃወም። በሁለቱም ውስጥ አንቺ የለሽም።

ይልቅ ያን ያልተከፈተ በር ገርበብ አድርገሽ ተመልከቺ። ለስድስት ወር ያህል በሳምንት ሁለት ሰዓት ለታሪክ ስጪ። ታሪክ ስትይ ምኑን ነበር የወደድሽው? ነገሥታቱን? ተራ ሰዎች እንዴት እንደኖሩ ማወቁን? የቆየ ሰነድ እጅ ውስጥ ሲገባ የሚሰማውን? የሚገርመኝን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ በዓለም ላይ ከተገኙት ጽሑፎች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት አብዛኞቹ የሂሳብ መዝገብ ናቸው። በሜሶፖታሚያ፣ ዛሬ ኢራቅ በምትባለው አገር፣ ከ5,000 ዓመት በፊት በሸክላ ላይ የተቀረጹ ናቸው፤ ይህን ያህል እህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ለእገሌ ተሰጠ። የታሪክ ተመራማሪዎች የዚያን ዘመን ኑሮ ከሚያነቡበት ምንጭ አንዱ ይኸው ገቢና ወጪ ነው። አንድ ሰነድ ምን እንደሚል ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚደብቅ ማየት የሚችል ዓይን አለሽ፤ ብዙ የታሪክ ተማሪዎች ይህን ለማግኘት ይደክማሉ። ሁለቱ ነገሮች ከሚመስልሽ በላይ የሚተዋወቁ ናቸው። ከስድስት ወር በኋላ ፍቅሩ የ17 ዓመቷ ልጅ ብቻ ሆኖ ታገኚው ይሆናል፤ ወይም የአንቺም ሆኖ። ሁለቱም መልስ ነው። መወሰን የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ልጅሽ የጻፍሽውን ሳነብ ደስ አለኝ። ሃያ ፊርማ! አንቺ በተሞላ ቅጽ ላይ አንድ ፊርማ አሳረፍሽ፤ እሷ ባዶ ወረቀት ላይ ሃያውን ትሞክራለች። አምስተኛው ደረጃ ሲሠራ ይህን ይመስላል። ኤሪክሰን ወጣቶች የአዋቂ ግዴታ ሙሉ በሙሉ ሳይጫንባቸው የሚሞክሩበት የእፎይታ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል ይል ነበር። ጊዜውም ዛሬ ረዝሟል፤ ጄፍሪ አርኔት የተባለ ተመራማሪ በ2000 ባወጣው ጽሑፍ፣ ትምህርትና ትዳር ዘግይተው በሚመጡባቸው ማኅበረሰቦች ከ18 እስከ 25 ያለው ዕድሜ ራሱን የቻለ የፍለጋ ወቅት ሆኗል ብሎ ተከራክሯል። ስለዚህ ልጅሽ በዚህ ሳምንት የሆነችውን ሰው በሚመጣው ሳምንት ላትሆን ትችላለች፤ ጊዜው ያልቃል ብለሽ አትቸኩዪ።

ከአንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅሽ። «እንደ እኔ እንዳትሆን» የሚለው ፍርሃትሽ ራሱ ቅጽ ሊሆንባት ይችላል። አባትሽ «ሂሳብ አጥኚ» ብለው ሞሉ፤ አንቺ ደግሞ «ነፃ ሁኚ፣ የምትወጂውን ምረጪ፣ ቶሎ እወቂው» ብለሽ ልትሞዪ ትችያለሽ። 16 ዓመቷ ላይ ያለች ልጅ ምን እንደምትወድ ማወቅ ግዴታ ሲሆንባት ጭንቀቱ ያው ነው። አስተያየት ስጪያት፤ ይህ አይመስለኝም በያት፤ ገንዘብና ጊዜ የሚጠይቀውን ነገር ከመጀመሯ በፊት አነጋግሪያት። ወጣት ድንበር የሌለው ቤት ውስጥ የሚገፋው ግድግዳ ያጣል። የምትሳሳትበትን ቦታ ግን ተይላት። መጨነቅ ያለብሽ ጸጉሯ ወይም ምኞቷ ሲለዋወጥ አይደለም። ከጓደኞቿ ሁሉ ስትርቅ፣ ትምህርቷን ስትተው፣ እንቅልፏ ወይም አመጋገቧ ሲበላሽ፣ ራሷን ስለመጉዳት ስትናገር ነው፤ ያኔ ሳትውዪ ሳታድሪ ባለሙያ ጋ ይዘሻት ሂጂ።

የአንቺ የራስሽ ወቅት ደግሞ ሰባተኛው ነው። ኤሪክሰን ለዚህ የሚሆን ቃል አጥቶ አዲስ ቃል ፈጠረ፤ እኔ «ለተተኪ መትጋት» እለዋለሁ። ልጅ መውለድ ብቻ አይደለም፤ ማስተማር፣ ሙያ ማስተላለፍ፣ ከራስ በኋላ የሚቆም ነገር መሥራት ሁሉ ነው። ተቃራኒው ባሉበት መድረቅ ነው፤ ሁሉም ነገር ይሰለቻል፣ ሰው የራሱን ሕመምና ድካም ብቻ ሲያስታምም ይውላል። ወጣት ሠራተኞች ሊጠይቁሽ ሲመጡ ይሰለቸኛል ያልሽበትን መስመር ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ክፉ ስለሆንሽ አይመስለኝም። ሰው የራሴ ነው ያላለውን ነገር ለሌላ ለመስጠት ይከብደዋል። አምስተኛውና ሰባተኛው ጥያቄ እዚህ ላይ ተቋጥረውብሻል።

ይህን ቋጠሮ ለመፍታት አምስተኛውን ጨርሰሽ ወደ ሰባተኛው መሄድ የለብሽም፤ በግልባጩም ይሠራል። የሚቀጥለው ወጣት ወደ ጠረጴዛሽ ሲመጣ መልሱን ሰጥተሽ አትሸኚው። ወንበር ስቢለትና ስህተቱን አንቺ እንዴት እንደምትፈልጊው አሳዪው፤ መጀመሪያ የትኛውን ገጽ ታያለሽ፣ ምን ሲሆን ትጠረጥሪያለሽ፣ የት ላይ ተሳስተሽ ታውቂያለሽ። ለሌላ ሲያስረዱ የገዛ ራስን እጅ ማየት አለ። ብዙ ሰው ሙያው የራሱ መሆኑን ያወቀው ሲያስተምረው ነው።

«አርፍጃለሁ» የሚለው ስሜትሽ ሁሉ ከውስጥሽ የመጣ እንዳይመስልሽ። በርኒስ ኒውጋርተን የተባለች ተመራማሪ «ማኅበራዊ ሰዓት» ያለችው ነገር አለ፤ ማኅበረሰቡ መቼ መማር፣ መቼ ማግባት፣ መቼ መሾም እንዳለብን የሚቆጥርበት ሰዓት። ያን ሰዓት ሁላችንም ግድግዳችን ላይ ሰቅለነዋል። ሰዎች ከሚጨነቁበት ነገር ብዙው ነገሩ ራሱ ሳይሆን ከሰዓቱ መዘግየቱ ነው። ሌላም አለ። ካሮል ጊሊጋን የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1982 እንደጻፈችው፣ መጀመሪያ ራስን ለይቶ ማወቅ፣ ከዚያ ከሌላ ጋር መቀራረብ የሚለው ቅደም ተከተል የወንዶችን መንገድ መለኪያ ያደረገ ነው፤ ለብዙ ሴቶች ማንነትና ቅርርብ አብረው ነው የሚሠሩት። እናት፣ ሚስት፣ ልጅ ሆነሽ ባሳለፍሽው ጊዜ ውስጥ ማንነትሽ ተኝቶ አልጠበቀሽም። በሰንጠረዡ ቅደም ተከተል ራስሽን ስትለኪ ይህን አስቢ።

አባትሽ። ስለ እሳቸው የጻፍሽው አጭር ነው፤ እኔ ግን ከደብዳቤሽ ሁሉ ብዙ ያሰብኩት እሱን ነው። በስምንተኛው ደረጃ የሚቀርበው ጥያቄ «የኖርኩት ሕይወት የእኔ ነበር፣ ልቀበለው እችላለሁ?» የሚል ነው። ሮበርት በትለር የተባለ የአእምሮ ሐኪም በ1963 ባወጣው ጽሑፍ፣ ያኔ ብዙዎች የመጃጀት ምልክት ያደርጉት የነበረውን የአረጋውያን ትዝታ «የሕይወት ክለሳ» ብሎ ጠራው፤ ወደ መጨረሻው የቀረበ ሰው ያልተቋጨ ነገሩን እያወጣ የሚመረምርበት ተፈጥሯዊ ሥራ ነው አለ። አባትሽ ከኖሩት 76 ዓመት ውስጥ መርጠው የሚነግሩሽ ያን እምቢ ያሉትን ዝውውር ነው። ያላለቀ ክርክር አለ ማለት ነው። ዛሬ ማታ ሲጀምሩ በቃልሽ የያዝሽውን ታሪክ ትተሽ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አዳምጪ። «ደግ አደረግሁ» ብለው ነው የሚጨርሱት ወይስ «ምን ነበር ያኔ ብሄድ» ብለው? አንዳንድ ቀን አንዱን፣ አንዳንድ ቀን ሌላውን ሊሉ ይችላሉ። ከዚያ ጠይቀሻቸው የማታውቂውን አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው፤ «ያን ቀን ቤት ሲገቡ ለእማዬ ምን አሏት?» ወይም «ከሁሉ የፈሩት ምኑን ነበር?» የሚደጋገም ታሪክ አዲስ ጥያቄ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ መንገድ ይቀይራል።

ይህ ከመርሳት በሽታ ጋር እንዳይምታታብሽ። ከደቂቃዎች በፊት የነገሩሽን እንደ አዲስ የሚነግሩሽ ከሆነ፣ የሚያውቁት መንገድ የሚጠፋባቸው ከሆነ፣ ቀኑንና የቅርብ ሰዎችን ስም የሚስቱ ከሆነ ሐኪም ይያቸው። እንዲሁም ተስፋ መቁረጥ የእርጅና ወግ ነው ብለሽ አትለፊው፤ የመንፈስ ጭንቀት በእሳቸውም ዕድሜ ይታከማል። ለራስሽም ይኸው ነው፤ የምትይው ባዶነት በአብዛኛው ቀን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚቆይ፣ እንቅልፍሽንና ፍላጎትሽን የሚወስድ ከሆነ የምክር ዓምድ አይበቃሽም፤ ባለሙያ አነጋግሪ።

ባለቤትሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። የምትናገሩት የጠፋው ምናልባት አንቺ የምታስቢውን ለማንም ስላልተናገርሽ ነው። ስለ ቅጹ ያውቃል? ካላወቀ የዛሬ ምሽት ወሬያችሁ እሱ ይሁን።

ኤሪክሰን የትውልዶችን ሕይወት እርስ በርሳቸው እንደሚገጣጠሙ የማሽን ጥርሶች ያየው ነበር፤ የአንዱ መዞር ሌላውን ያዞረዋል። ቤታችሁ ውስጥ ሦስቱ ጥርሶች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ልጅሽ «በእኔ ዕድሜ ምን መሆን ነበር የምትፈልጊው?» ስትልሽ ለራሷ ፍለጋ ምስክር እየጠራች ነበር። አባትሽ አጠገባችሁ ሆነው «እንጃ» ስትዪ ሰምተዋል፤ ምን እንደሚያስቡም አናውቅም። ምናልባት ያን ቅጽ ሲሞሉ የራሳቸው እምቢ ያሉት ዝውውር ትዝ ብሏቸው፣ ልጄ እንደ እኔ እንዳትቀር ብለው ይሆናል። ምናልባትም አይደለም። ማወቅ የሚቻለው በመጠየቅ ነው፤ መልሱን የሚያውቁት ሰው ደግሞ ገና አብረውሽ አሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ከአባትሽ ጋር ብቻችሁን ሁኑ። ክስ አታድርጊው። «ያን ቅጽ ሲሞሉ ምን አስበው ነበር?» በያቸውና ዝም በይ። ሊቆጡ ይችላሉ፣ ሊረሱትም ይችላሉ፣ ሊያለቅሱም ይችላሉ። «እኔ ታሪክ ነበር የምፈልገው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን ከ27 ዓመት በኋላ አሁን ተናገሪው። ይቅርታ ባይጠይቁሽ እንኳ ቃሉ ከአፍሽ ወጥቷል።

ከዚያ ለልጅሽ ንገሪያት። ቅጹን፣ የእጅ ጽሑፉን፣ ጠረጴዛውን፣ ዝም ማለትሽን፣ ከዚያ በኋላ በሥራሽ የወደድሽውን ነገር ካለም እሱንም ሳትደብቂ። አያቷን ክፉ አድርገሽ አትሣዪባት፤ አንቺንም ተበዳይ ብቻ አድርገሽ አትሣዪ። ጥያቄ ብታመጣ መልሺላት፤ ብትስቅ ሳቂ፤ ምንም ሳትል ወደ ክፍሏ ብትገባም አትከተያት። ታሪኩን ስትጨርሺ ግን «ስለዚህ አንቺም» የሚል ቃል አትጨምሪበት።